የትኛው ኖቮ ሴሎ?

ጋሽ አስማረ ማረፋቸውን የነገረችኝ ደባርቅ ፖስታ ቤት በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ናት። ደውላ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «እነዚያ አንድ መንደር በሦስት አገር የሚፈልጉት መምህር አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። እኔ ጎንደር ነበርኩ። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብር ቀርቶ ለሠልስትም አልደረስኩም። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ዘመድሽ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበሩም። ለስምንት ዓመት ደብዳቤያቸውን ስመዝንላቸው የኖርኩ ሰው ናቸው። ከሥጋ ዘመዶቼ ግን የእሳቸውን ያህል የማስታውሰው ብዙ የለም።

ደባርቅ ስመደብ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፖስታ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ባንኮኒ ያለው ክፍል ነው። ሥራ አይበዛበትም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ ተራራ ሊወጡ የመጡ ቱሪስቶች ፖስት ካርድ ይልካሉ፤ ከዚያ ውጭ ብርዱን እየተከላከሉ መቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜዬ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ከኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ገቡ። ሦስት ፖስታ አወጡና አንድ በአንድ በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ባንኮኒው ላይ ደረደሩ።

«ወይዘሪት፣ እነዚህን በአየር» አሉኝ።

አድራሻውን አየሁ። ኖቮ ሴሎ፣ ቡልጋሪያ። ኖቮ ሴሎ፣ ሰርቢያ። ኖቮ ሴሎ፣ መቄዶንያ። ከሥር በማላውቀው ፊደል ያው ነገር ተደግሟል። አዲስ ሠራተኛ ስለነበርኩ ስህተት ያገኘሁ መሰለኝና፣

«ጋሼ፣ አገሩን የተሳሳቱ ይመስለኛል። አንድ መንደር እንዴት ሦስት አገር ውስጥ ይሆናል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ያገኙ ያህል ፊታቸው በራ።

«አንቺ የት ነው የተወለድሽው?»

«አዲስ ዓለም።»

«የትኛው?»

«የጎንደሩ ነዋ!»

«አየሽ፣ የጎንደሩ አልሽ። ምክንያቱም ሸዋም አዲስ ዓለም አለ። ኖቮ ሴሎም አዲስ መንደር ማለት ነው። ሰው ከአሮጌው መንደሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ጎጆ በቀለሰ ቁጥር ስም ፍለጋ አይደክምም፤ አዲስ መንደር ይለዋል። እነዚያ አገሮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቋንቋቸው ይቀራረባል፤ ሰዉም ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ብዙ ጊዜ ጎጆ ቀልሷል። ስለዚህ በየአገሩ ኖቮ ሴሎ አለ። ባንድ አገር ውስጥ እንኳ ብዙ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ የትኛውን ነው የሚፈልጉት?»

ሦስተኛው ፖስታ ላይ ቴምብሩን በምላሳቸው አርሰው ለጠፉ፤ በአውራ ጣታቸውም ጫን አደረጉት። «ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም» አሉና ወጡ።

ቀስ እያልኩ እንደተረዳሁት ከተማው በሙሉ «ጋሽ የትኛው» ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ቀን አንድ የቦታ ስም ሰሌዳው ላይ ይጽፉና፣ «ይህን ስም የያዘ ስንት ቦታ ታውቃላችሁ?» ይላሉ አሉ። ተማሪው ከየቀበሌው፣ ከየዘመዱ አገር እየጠራ አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። መንገድ ላይ ሲያገኙንም ያው ነበሩ። አንዱ ከአምባራስ መጣሁ ካላቸው፣ «የትኛው አምባራስ?» ይላሉ። «ጋሼ፣ አንድ ነው እኮ ያለው!» ሲላቸው፣ «አንተ የምታውቀው አንድ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

እኔ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በየወሩ ሁለት ሦስት ደብዳቤ ይልካሉ። ለማን እንደሚጽፉ የሚናገር ስም የለም። «ለኖቮ ሴሎ ቄስ» ወይም «ለኖቮ ሴሎ ትምህርት ቤት» ብቻ ይላል። ገሚሱ ከወራት በኋላ ማኅተም በማኅተም ሆኖ ይመለሳል። መልስ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ባንኮኒው ላይ ከፍተው እየተረጎሙ ያነቡልኛል። አንድ የሰርቢያ ቄስ፣ «የሚሉት ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ ግን ስሙን ጠርቼ ሻማ አብርቼለታለሁ» ብሎ ጻፈ። አንድ የቡልጋሪያ መምህር ደግሞ፣ «እኛ ያኛው ኖቮ ሴሎ አይደለንም፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ይጠይቁ» ብሎ የመንደሩን ካርታ በእጁ ሥሎ ላከ። ጋሽ አስማረ ያንን ካርታ እንደ ሥዕል ሲያዩት ብዙ ቆዩ።

አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳቸው። ስሙን ስጽፈው ዝርዝሩ ወርዶ ወርዶ አያልቅም። የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። ደብተር አውጥተው ሁሉንም ሲገለብጡ ዋሉ።

ምክንያቱን የነገሩኝ በሁለተኛው ክረምት ነው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ከፖስታ ቤቱ መውጣት አልቻሉም። አራት ደብዳቤ ባንድ ጊዜ ተመልሶባቸው ነበር። ባንኮኒው ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ «ዘይነብ፣ የማን ሬሳ እንደምፈልግ ጠይቀሽኝ አታውቂም» አሉኝ። ከወይዘሪት ወደ ስሜ የዞሩት ያን ቀን ነው።

በወጣትነታቸው፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቡልጋሪያ ሲሄዱ፣ ፈንታሁን ከሚባል የዳባት ልጅ ጋር ነበር። አብረው ተምረዋል፤ አብረው ብርድ ልብስ ተጋርተዋል። እዚያ ሲደርሱ ግን ፈንታሁን እርሻ ሊያጠና ሌላ ከተማ ሄደ። በእኛ ክረምት፣ እዚያ በጋ ሲሆን፣ ተማሪዎች ምርት እንዲሰበስቡ ወደየገጠሩ ይበተኑ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ አስማረ ቢሮ ተጠሩና ወረቀት ተሰጣቸው። ፈንታሁን ወንዝ ውስጥ ሞቷል፤ ኖቮ ሴሎ ተቀብሯል ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

«እኛ የደጋ ልጆች ዋና ከየት እናውቃለን?» አሉኝ። «ባቡር ተሳፍሬ ኖቮ ሴሎ ሄድኩ። መቃብር ቦታውን አገኘሁት። ዳገት ላይ ነው፤ ምንጭ አለው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ከበላዩ አለ። መስቀሉን ሁሉ እያነበብኩ ዞርኩ፤ የለም። አንድ ሽማግሌ ቢጠይቀኝ ነገርኩት። ‹ልጄ፣ ስንት ኖቮ ሴሎ አለ መሰለህ!› አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ፈተና ደረሰ። ቆይቼ እሄዳለሁ አልኩ፤ ሳልሄድ ቀረሁ።»

«ጊዜ አጥተው ነዋ» አልኩ።

«ፈርቼ ነው። ባገኘው ምን አደርጋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ፈንታሁን እናት ነው። ሴትየዋ ሌላ ልጅ የላቸውም። እጃቸውን ይዘው፣ «መቃብሩን አየኸው?» አሏቸው። ጋሽ አስማረ አዎ አሉ።

«ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። እንዴት ያለ ነው አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ዳገቱን፣ ምንጩን። ምን ዛፍ ነው አሉኝ። የዛፉን ስም በአማርኛ አላውቀውም፤ እንደ ወይራ ያለ ነው አልኳቸው። ወይራ ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ቆመ። እኔስ ያንን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? በየፋሲካው ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ወይራው አውራኝ ይሉኛል፤ እኔም በየዓመቱ አንድ ቅርንጫፍ እጨምርበታለሁ። እሳቸውም ይመርቁኛል።»

ለብዙ ዓመት ቡልጋሪያ ብቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ኋላ አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ በጻፈላቸው ደብዳቤ፣ ያን ክረምት አንዳንድ ተማሪዎች ድንበር ተሻግረው ዩጎዝላቪያ ለሥራ ዘመቻ ሄደው እንደነበር ነገራቸው። ያ አገር ደግሞ እስከዚያ ድረስ ተበታትኖ ሰርቢያ፣ መቄዶንያ እየተባለ ብዙ አገር ሆኗል። «ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ» አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ እኔም እንደ እሳቸው በጉጉት መገልበጥ ጀመርኩ። መልሱ የመጣው በስድስተኛው ዓመት ከመቄዶንያ ነው። ወፍራም ነበር። ጋሽ አስማረ ወደ እኔ ገፉት፤ እኔ ቀደድኩላቸው። ሁለት ፎቶግራፍና ሦስት ገጽ ደብዳቤ ወጣ። የጻፈችው ሚልካ የምትባል ሴት ናት። በቡልጋርኛ የጻፉት ደብዳቤ ለቄሱ ደርሶ፣ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንብበውት እንደሰማች ትናገራለች። ጋሽ አስማረ ቀስ እያሉ ተረጎሙልኝ።

ሚልካ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ተማሪዎቹ በርበሬ ሊለቅሙ የመጡት የአባቷ ማሳ ላይ ነው። ስሙን መጥራት ስለከበዳቸው መንደሩ በሙሉ እንደ ለስላሳው «ፋንታ» ይለው ነበር። አንድ በጣም በሞቀበት ቀን ሁሉም ወንዝ ወረዱ። እሱም እየሳቀ ተከትሏቸው ገባ፤ አልወጣም። ወገን የሚባል ስላልነበረው አባቷ በገዛ ቤተሰቡ የመቃብር ቦታ፣ ከወላጆቹ አጠገብ ቀበረው። ሲሞትም፣ «የሰው ልጅ ነው፤ አንድ ቀን የሚጠይቅ ይመጣል፤ እስከዚያ ጠብቂው» ብሎ አደራ ሰጥቷታል። በሙታን መታሰቢያ ቀን ለእነሱ ዘመዶች ስንዴ ሲቀቅሉ ለእሱም ጨምረው ቀቅለው መቃብሩ ላይ ያኖራሉ።

ጋሽ አስማረ ይህን ሲያነቡ ቆሙ። «ንፍሮ» አሉ ለራሳቸው። «ንፍሮ ያወጡለታል ማለት ነው።» ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። አንድ ሰው ቴምብር ሊገዛ ገብቶ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

በማግሥቱ፣ «ዳባት አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን ከሄድኩ እንደገና እዋሻለሁ» አሉኝ።

በሚኒባስ ሄድን። የፈንታሁን እናት መንኩሰው እማሆይ ዘነበች ተብለዋል፤ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። «ይህቺስ ልጅ?» አሉ ስለ እኔ። «ዘይነብ ትባላለች፤ ደብዳቤውን የምታመላልስልኝ እሷ ናት» አሏቸው። ቆሎ አቀረቡልን። ጋሽ አስማረ አልቀመሱም።

መጀመሪያ የሰጧቸው የቆየውን ፎቶግራፍ ነው። አንድ ቀጭን ወጣት በበርበሬ የተሞላ ሳጥን ታቅፎ ከአንድ ባለ ባርኔጣ ገበሬ ጋር ይስቃል። እማሆይ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩና ፎቶውን ሳሙት። ሁለተኛውን የወሰዱት እማሆይ ራሳቸው ናቸው፤ ጋሽ አስማረ ገና ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከእጃቸው ነጠቋቸው። ሜዳ ላይ ያለ መቃብር ነው። የብረት መስቀል አለ፤ አበባ አለ፤ ከኋላ የሽቦ አጥር አለ። ሌላ ነገር የለም።

እማሆይ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ወይራው የታለ?»

«ወይራ የለም እማሆይ።»

«ቆረጡት?»

«አልነበረም። ያኔ የነገርኩዎት ሌላ መንደር ነው፤ ስሙ አንድ ነው። የልጅዎን መቃብር አላየሁትም። አሁንም ቢሆን ከዚህ ፎቶ ሌላ አላየሁም።»

እማሆይ አልጮሁም። «እኔ እኮ እዚያ ጥላ ሥር ነበር ያስተኛሁት» አሉ። «ፀሐይ በበረታ ቁጥር፣ ልጄስ ጥላ አለው እል ነበር። በየዓመቱ እየመጣህ...» አልጨረሱትም። ፎቶግራፎቹን በነጠላቸው ቋጠሩ። «ውጣልኝ» አሉ።

ስንመለስ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ከጃናሞራ እንደመጣ ሲያወራን ጋሽ አስማረ የትኛው ብለው አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን ተዉ። ለሚልካ መልስ እንኳ አልጻፉም። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ምን ብዬ ልጻፍላት? እናቱ ምን አሉ ብትለኝስ?» አሉኝ። በዚያ ሰሞን በጣም አረጁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት እማሆይ ዘነበች መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ፖስታ ቤት ገቡ። ከዳባት በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣

«ያ ልጅ አለ?» አሉኝ።

«ጋሽ አስማረ?»

«እሱ። ጥሪው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ እፈልጋለሁ።»

«እኔ ልጽፍልዎት እችላለሁ እኮ እማሆይ።»

«የእነሱን ቋንቋ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ደወልኩላቸው። ጋሽ አስማረ የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው፣ ያለ ጋቢ ሮጠው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እማሆይ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው በመቋሚያቸው ባንኮኒውን አመለከቷቸው። ወረቀት ሰጠኋቸው። ቆመው ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

«ጻፍ» አሉ እማሆይ። «ልጄ ሚልካ፣ እንደምን አለሽ? እኔ የፈንታሁን እናት ነኝ። አባትሽ ልጄን ከወላጆቹ ጋር አስተኝቶታልና ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። አንቺም ልጅ ያልጠቀመኝን ያህል የጠቀምሽኝ ነሽ።»

ጋሽ አስማረ ጻፉ።

«ስንዴ እንደምትቀቅሉለት ሰማሁ። እኛም ለሙታናችን እንቀቅላለን። የእናንተ ጨው አለው ወይስ የለውም?»

«እነሱ ስኳር ነው የሚያደርጉበት» አሉ ጋሽ አስማረ ቀና ሳይሉ።

«አንተን አልጠየቅሁም። እሷን ነው የጠየቅሁት። ጻፍ።»

ጻፉ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ይህን የሚጽፍልሽ ሰው የልጄ ጓደኛ ነው።» እማሆይ በመቋሚያቸው ወረቀቱን አመለከቱ። «ዋሽቶኛል። በየዓመቱ እየመጣ ሲዋሸኝ እኔ ስመርቀው ኖሬያለሁ።»

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ።

«ለምን አትጽፍም?»

«እጽፋለሁ እማሆይ።»

«እንዳታለሳልሰው።»

ጻፉ። ሲጨርሱ፣ «አንብብልኝ» አሏቸው። ጋሽ አስማረ በዚያ ቋንቋ አነበቡ። እማሆይ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የጋሽ አስማረ ድምፅ የት ቦታ ላይ እንደተሰበረ ግን ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

«አሁን ይህን ጨምር» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህም ሆኖ፣ ልጄን ፈልጎ ያገኘልኝ እሱ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለአንቺ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። ሌላ ሰው አልፈልግም።»

ጋሽ አስማረ ያንን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከጨረሱ በኋላ የቀለሙን ሳጥን አቀረብኩና እማሆይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጋሽ አስማረ ገፉት።

«አንተም ፈርም።»

«ደብዳቤው የእርስዎ እኮ ነው።»

«የጻፍከው አንተ አይደለህ? ፈርም።»

ከአሻራው ሥር ስማቸውን ጻፉ። እማሆይ ተነሡና መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቀኙን ዘረጉ። «መናኸሪያ ድረስ አድርሰኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሏቸው። ጋሽ አስማረ ክንዳቸውን ሰጧቸው። እየተደጋገፉ ወደ በሩ ሲሄዱ እማሆይ፣

«እስቲ አሁን የምታውቀውን ብቻ ንገረኝ። እዚያ ሳላችሁ ምን ይበላ ነበር?» ሲሉ ሰማሁ።

«ጥቅል ጎመን ነው የሚሰጡን፤ ጠዋትም ማታም። እሱ ደግሞ ጎመን ሲያይ...»

በሩን አልፈው ስለወጡ የቀረውን አልሰማሁም። እማሆይ ዘነበች ሲስቁ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ተሰማኝ።